እስስት ከሳህን አትጠጣም

ሳህን ሙሉ ውሃ አጠገቧ ተቀምጦላት እስስት በጥም ልትሞት ትችላለች። ይህን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም። ዶሮ ከሳህን ትጠጣለች፣ ድመትም ትጠጣለች፣ እሷ ምን ሆና ነው ይሉኛል። ነገሩ ቀላል ነው። የቆመ ውሃ ብዙ ጊዜ ዓይኗ ውስጥ አይገባም። እሷ የምታውቀው ውሃ የሚያብረቀርቅና የሚንቀሳቀስ ነው። ቅጠል ጫፍ ላይ ያረፈ ጤዛ ነው፤ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚንጠባጠብ ዝናብ ነው። ሳህኑን ረግጣው ታልፋለች።

እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ጎጃም ውስጥ እስስት ብርቅ አይደለችም፤ አጥር ላይ፣ ጌሾ ላይ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ እናያታለን። ቤት ውስጥ የሚያኖራት ግን የለም ማለት ይቻላል። ወደ እኔ የመጣችውም በአጋጣሚ ነው። በየካቲት ጎረቤት የሰንሰል አጥር ሲከረክሙ ከተቆረጠው ቅርንጫፍ ጋር አብራ ወደቀች። የኋላ እግሯ ቆስሏል። የቤቱ ልጅ አዘነላትና ካርቶን ውስጥ አስቀመጣት። በቡና ሲኒ ውሃ አቀረበላት፤ እንጀራ ፈርፍሮ ሰጣት። ልጁ አይወቀስም። ሰፈሩ በሙሉ “ወዲያ ጣላት፣ መርዝ አላት” ሲለው ያልጣላት እሱ ብቻ ነው። መርዝ የላትም። ስትቆጣ ትነክሳለች፣ ትንሽ ያማል፣ በቃ። ቀናት ካለፉ በኋላ “ጋሼ፣ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ” ብሎ ካርቶኑን ይዞ መጣ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበል። እስስት የዱር እንስሳ ናት። ያለ ፈቃድ ከዱር ይዞ ማኖርም ሆነ መሸጥ አይቻልም፤ ከአገር አገር የሚደረገው ንግዷም ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ አጥር ለአጥር እስስት ፍለጋ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር። የምጽፈው የተጎዳች እስስት እጁ ለገባችበት ሰው ነው። ደግሞም ውጭ አገር ሆነው የየመኗን እስስት ወይም ፓንተር የምትባለውን የማዳጋስካር እስስት ገዝተው የሚያሳድጉ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ። ጥሙ ለሁሉም ያው ነው።

በመጀመሪያ ሰው የሚያየው ዓይኗን ነው። ጤነኛ እስስት የዓይኗ ሽፋን እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ውጭ ሾጠጥ ብሎ ይቆማል። ውሃ ሲያጥራት ክዳኑ ይረግባል፣ ጠርዙ ላይ ጉድጓድ ይፈጠራል፣ ሲብስም ዓይኑ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ልጁ ያመጣት እስስት እዚህ ደረጃ ላይ ነበረች። ሁለቱም ዓይኖቿ ሰምጠዋል፤ አንዱን በግማሽ ከፍታ ታየኛለች፣ ሌላውን ጨርሶ ዘግታዋለች።

ዓይን ብቻውን ግን ያሳስታል። እስስት ዓይኗን ስታጸዳ ወደ ውስጥ ትጎትተዋለች፤ አንዳንዴም ወደ ውጭ ትገፋዋለች፣ ቅርንጫፍ ላይም ታሸዋለች። ስትደነግጥም ታስገባዋለች። ለጥቂት ደቂቃ የገባ ዓይን አያስደነግጥም። በተቃራኒው ደግሞ ረሃብም፣ የሆድ ትላትልም፣ ሕመምም ዓይንን ያሰምጣል። ስለዚህ ዓይን የሚነግራችሁ “አንድ ነገር ሆናለች” የሚለውን ብቻ ነው። የጎደላት ውሃ መሆኑን የሚነግራችሁ ኩሷ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ነውና። የእስስት ኩስ እንደ ዶሮ ኩስ ሁለት ዓይነት ነው። ጥቁር ወይም ቡናማ የሆነው ሰገራዋ ነው። ከጎኑ የሚወጣው ነጭ ነገር ደግሞ ሽንቷ ነው። እኛ የሰውነታችንን ቆሻሻ በብዙ ውሃ በጥብጠን እናስወጣለን። እሷ ይህን ያህል ውሃ የላትም። ስለዚህ ቆሻሻውን ዩሪክ አሲድ አድርጋ፣ በትንሽ ውሃ ለጥ ያለ ነጭ ሊጥ አስመስላ ታወጣዋለች። በቂ ውሃ ስታገኝ ነጩ ነጭ ነው፤ እርጥብ ነው፣ ይለሰልሳል። ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ጣል ቢልበት ውሃ ጨመር አድርጉላት ማለት ነው እንጂ አያስደነግጥም። ከግማሽ በላይ ቢጫ ሲሆን ግን እያጠራት ነው። ሙሉ በሙሉ ብርቱካናማ ሆኖ ከደረቀ ነገሩ ከርሯል።

የልጁን ካርቶን ገልብጬ አየሁት። ጥግ ላይ ብርቱካናማ ነገር ደርቆ ተጣብቋል። በስንጥር ስነካው ተፈረፈረ። ዓይኗን ሳላያት እንኳ ይህ ይበቃኝ ነበር። (ኩሷን የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። እንዲህ ያሉ እንስሳት ሳልሞኔላ ሊይዙ ይችላሉ፤ በተለይ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ።)

ቀለሙን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ውሃ ሲያጥር ዩሪክ አሲዱ መውጫ ያጣል። ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ቀስ እያለም በመገጣጠሚያና በሆድ ዕቃ ላይ ይጠራቀማል። ሰው ላይ ሪህ የምንለው ዓይነት ነገር ነው። ብዙ እስስቶች “በድንገት ሞተች” የሚባሉት ለረጅም ጊዜ ኩላሊታቸው ሲጎዳ ቆይቶ ነው። ዓይኗ ከመስመጡ በፊት ኩሷ ሲናገር ይከርማል። ሥሯ ነጭ ወረቀት አንጥፉና ጠዋት ጠዋት እዩት።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። አፏን ስትከፍት ምራቋ ከላይ እስከ ታች እንደ ክር ይለጠጣል፤ በጤናዋ ጊዜ ግን እንደ ውሃ ቀጭን ነው። ምላሷን ወደ ፌንጣው ትወረውርና ሳይደርስ ይቀራል። ቅርንጫፍ ስትጨብጥ ጉልበት የላትም። ከሁሉም የሚያሰጋው በቀን ዓይን ጨፍኖ መዋል ነው። ጤነኛ እስስት በቀን አትተኛም። ፀሐይ ወጥቶ እሷ ከጨፈነች ነገ እወስዳታለሁ አይባልም።

የቆዳ ቁንጠጣ ነገር ይነሳል። ጥጃ ሲያስቀምጠው አንገቱ ላይ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጎ የሚመለስበትን ፍጥነት ማየት ገበሬውም ሐኪሙም የሚያውቀው ዘዴ ነው። ለእስስት ግን ብዙም አልተማመንበትም። የጎኗ ቆዳ ድሮም ሰፋ ያለ ነው፤ ስታብጥና ስትጠብ አብሮ ይሰፋል፣ ይጠባል። መቆንጠጡም ያስደነግጣታል።

አሁን ወደ ሕክምናው። የመጀመሪያው ነገር ውሃ አይደለም፤ ሙቀት ነው። እስስት የራሷ ሙቀት የላትም። ሰውነቷ ከቀዘቀዘ ደሟም አንጀቷም ቀርፋፋ ስለሚሆን የጠጣችው ውሃ አይጠቅማትም። በማለዳ የቀዘቀዘችን እስስት አታርከፍክፉባት። ቀኑ እስኪሞቅ፣ ያለችበት ቦታ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁ። ባሕር ዳር በየካቲት ረፋዱ ላይ ይህ በራሱ ይመጣል። ደብረ ማርቆስ ወይም ዳንግላ ያለ ሰው ግን ትንሽ መታገሥ ይኖርበታል። ትሙቅ ብሎ ደግሞ ጠራራ ፀሐይ ላይ ማውጣት የባሰ ነው። የደረቀች እስስት ጥላ በሌለው ፀሐይ ላይ ብትቀመጥ የቀራትን ውሃ ታጣለች። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ጣሪያው ሥር ማስቀመጥም ያው ነው።

ሁለተኛው ጸጥታ ነው። ልጆች ተሰብስበው ጣታቸውን እየቀሰሩባት አንዲት ጠብታ አትልስም። እኔ ያስቀመጥኳት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። በቆርቆሮ የተተከለ የቡና ችግኝ ነበረኝ፤ እሱ ላይ አወጣኋት። የቡና ቅጠል ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ሰፊ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ውሃው ላዩ ላይ ክብ ሆኖ ይቆማል። ከላይ ገመድ ወጥሬ አሮጌ ነጠላ በውሃ ነክሬ አንጠለጠልኩ፤ እሷን አይነካትም፣ አየሩን ግን ያረጥበዋል። በር ዘጋሁ። ወንዶቹ ልጆች በቁልፍ ቀዳዳ ማየት አላቆሙም፤ ያን ያህል እሷም አልከፋትም።

ሁለት ዕቃ ያስፈልጋል። አንዱ የፀጉር ቤት ዓይነት ውሃ መርጫ ነው። አዲስ ይሁን። የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም የመስታወት ማጽጃ የነበረበትን አጥቤዋለሁ ብላችሁ አትጠቀሙ። ሁለተኛው ጠብታ ማንጠባጠቢያ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ በስቶ ማንጠልጠል ይቻላል። እኔ ግን ከፋርማሲ ያልተከፈተ የግሉኮስ ማስገቢያ ላስቲክ ገዛሁ። ትንሿን ጎማ በአውራ ጣት እያሽከረከራችሁ ጠብታውን ታፈጥኑታላችሁ፣ ታዘገዩታላችሁ። በየሁለት ሰከንዱ አንድ ጠብታ የላይኛው ቅጠል ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ ወደ ታችኛው፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ዓይኗን የሚስበው ይህ እንቅስቃሴ ነው።

ውሃው ለብ ያለ ይሁን። የእጅ አንጓችሁ ላይ ስታፈሱት አይቀዝቅዝ፣ አያቃጥል። ከመርጫው ሲወጣ መቀዝቀዙ ስለማይቀር ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ ሞቅ ቢል አይከፋም። ፊቷ ላይ በቀጥታ አትርጩ። ከላይ ወደ አየር፣ ወይም ግድግዳው ላይ ነጥሮ ጭጋግ ሆኖ እንዲወርድባት አድርጉ።

አሁን የምናገረው ነገር ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው። መርጨት ስጀምር እስስቷ ጠቆረች። ሁለቱንም ዓይኖቿን ጨፈነች። ቀስ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ያየ ሰው “ጠላችው፣ አትፈልግም” ብሎ ይተዋል። ሁለት ሦስቴ ረጨት ረጨት አድርጎ የሚተው ሰው ጀርባዋን አርጥቦ ወጣ እንጂ አላጠጣትም። ቀጠልኩ። ረጨት፣ አረፍ፣ ረጨት። ትንሽ ቆይቶ አንደኛው ዓይን ከሽፋኑ ሥር መሽከርከር ጀመረ። ውሃው እየገባ እያጠበው ነው። ከግንባሯ ላይ አንድ ጠብታ ተንሸራቶ የላይኛው ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ቆመ። ከንፈሯ ነቃ አለ። መንጋጋዋ አንዴ ከፈት፣ ገጠም። ጠብታው ጠፋ። ሌላ መጣ፣ እሱም ጠፋ። ከዚያ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ልክ የሚታኘክ ነገር አፏ ውስጥ እንዳለ ማላመጥ ጀመረች። እንዲህ ስታላምጥ እየጠጣች ነው። እጃችሁን አታቁሙ፣ አትንቀሳቀሱ፣ ልጅ አትጥሩ።

ከመጀመሪያው ጠብታ በፊት ያለው ጊዜ ረጅም ነው። አምስት ደቂቃም፣ አሥርም፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያህል ጊዜ የማይሰጥ ሰው ባይጀምረው ይሻላል። ማጠጣት ማለት መርጨት ብቻ አይደለም፤ እሷ እስክትወስን ድረስ አብሮ መቆየት ነው። ማላመጧን ስታቆምና ፊቷን ስታዞር በቃ። ከዚያ ጠብታው ብቻውን እየወረደ እንዲቆይ ተዉላት። በቀን ሁለት ሦስቴ እንዲህ ይደረጋል። በመካከሉ ቅጠሉ ይድረቅ።

ጨርሶ የማትነቃነቅ ከሆነ አንድ ጠብታ ብቻ በስሪንጅ ጫፍ፣ ያለ መርፌ፣ የላይኛው ከንፈሯ ፊት ላይ አሳርፉ። ከላሰች ሌላ ጨምሩ። ካልላሰች ተዉት። አፏን በግድ ከፍቶ ውሃ መግፋት ግን የለም። የእስስት የአየር ቧንቧ አፏ ውስጥ ወደ ፊት ነው የሚከፈተው። የተገፋ ውሃ ሳንባ ይገባል። ለጥም የመጣች እስስት በሳንባ ምች ትሞታለች ማለት ነው። ሳፋ ውስጥ መንከርም ምንም አይጠቅማትም፤ በቆዳዋ አትጠጣም፣ ድንጋጤው ግን ይጎዳታል።

ጎረቤቴ እማማ ሊጠይቁን መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

“ልጄ፣ ምን ውሃ ብቻ ታፈስባታለህ? ማር በጥብጠህ አቅምሳት። ማር የማያድነው ምን አለ?”

“እማማ፣ ማሩን ለእኛ ያቆዩልን። ለእሷ ውሃው ይበቃታል” አልኳቸው።

ጎጃም ውስጥ ሆኖ ማርን መከልከል ከባድ ነው። እማማም ቅር ሳይላቸው አልቀረም። ግን እውነቱ ይህ ነው። ወፍራም ጣፋጭ ነገር አንጀት ውስጥ ሲገባ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል። የደረቀውን ያደርቃል። ወተትም አይሆናትም፣ ስኳርም፣ ጠላ ያለኝም ሰው ነበር። ለሰው የሚበጠበጠውን ኦአርኤስም በራሳችሁ ግምት አትስጧት፤ የእንስሳት ሐኪም መጠኑን ለክቶ ካዘዘ ሌላ ነገር ነው። ቤት ውስጥ የሚሰጠው ንጹሕ ውሃ ነው።

ምግብም ይቆይ። ልጁ ፌንጣ በጠርሙስ ሞልቶ መጣ፤ እንድትበላ ቸኩሏል። የደረቀ አንጀት ግን አይፈጭም። በግድ የገባ ምግብ እዚያው ይቀመጣል፣ ኩላሊት ላይም ሸክም ይጨምራል። መጀመሪያ ትጠጣ፣ ዓይኗ ይሙላ፣ ከዚያ ራሷ ትፈልጋለች። ስትጀምር ፌንጣው ቀድሞ እርጥብ ቅጠል በልቶ የጠገበ ቢሆን ውሃም ይዞላት ይገባል። ፌንጣ ከየትም አይያዝ። ባሕር ዳር ዙሪያ ጫት ማሳ ላይ የሚረጨውን መድኃኒት የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከጫትም፣ ከአትክልትም ማሳ አጠገብ የተያዘ ነገር አፏ አይገባም። እኛ ከግቢያችን ሣር ብቻ ነበር የምንይዘው።

ውሃ ከጀመረች በኋላ የመጀመሪያው ኩስ እንደገና ብርቱካናማ ሊሆን ይችላል። ተስፋ አትቁረጡ፤ ተጠራቅሞ የቆየው ነው የሚወጣው። ቀጥሎ የሚመጣውን ጠብቁ። የእኔዋ መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ቀጥሎ ጫፉ ብቻ ቢጫ የሆነ ነጭ አወጣች። ወረቀቱን ይዤ ለልጁ ሳሳየው እናቱ “ሰው እንዴት ኩስ አይቶ ይደሰታል” ብላ ሳቀችብን።

ሐኪም ጋር መቼ ይኬዳል? ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ካልገለጠች። አንድ ቀን ሙሉ ተሞክሮ ጠብታ ካልላሰች። ሁለት ሦስት ቀን ጠጥታም ቀለሙ ካልተለወጠ። ከቅርንጫፍ ከወደቀች። መገጣጠሚያዎቿ ካበጡ። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነና አፏ ላይ አረፋ ካለ። በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ መቆየት ጊዜ ማባከን ነው።

እኔም ለእግሯ ቁስል ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወስጃታለሁ። ሰልፉ በሬ፣ አህያ፣ በግ ነው። እኔ ካርቶን አቅፌ ቆሜያለሁ። በሬ የያዙ አባት ጎንበስ ብለው በቀዳዳው አዩና “ይቺንም መርፌ ሊወጓት ነው?” አሉ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ሐኪሙም መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ እጁን ታጥቦ በደንብ አያት። የእኛ አገር ሐኪሞች ሥራቸው ከብት ስለሆነ እስስት በየቀኑ አያዩም፤ የፈሳሽ ሕክምናን ግን ጠንቅቀው ያውቁታል። ከእናንተ የሚፈልጉት ክብደቷን ነው። የክሊኒኩ ሚዛን የበሬ ነው። ቀድማችሁ ወርቅ ቤት ወይም ቅመም የሚመዝን ሱቅ ሂዱና በግራም አስመዝኗት። ባዶውን ካርቶን መጀመሪያ፣ ከዚያ ከእሷ ጋር።

ክብደት ለምን? በቆዳ ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ለእንዲህ ያለ እንስሳ በቀን ከክብደቷ ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ነው። 100 ግራም ለምትመዝን እስስት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለጥጃ የለመደ እጅ ይህ ጠብታ ነው የሚመስለው። ፈሳሹም ለብ ብሎ ይሰጣል እንጂ ከመደርደሪያ እንደወረደ አይሰጥም። አንድ ነገር ደግሞ በትሕትና አስታውሱ፤ ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ኩላሊት ይጎዳል። ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ቢኖራት እንኳ ሰውነቷ ደርቆ ሳለ መሰጠት የለበትም። “ዶክተር፣ ውሃ አጥሯት ነበር፣ ኩሷ ብርቱካናማ ነው” ብላችሁ ቀድማችሁ ከነገራችሁ የሚመርጡት መድኃኒት ይለያል። ኩሱን በላስቲክ ቋጥሮ መውሰድ አያሳፍርም። እኔ ወስጃለሁ፤ ሐኪሙም ከሁሉ በፊት የጠየቀኝ እሱን ነው።

ካገገመች በኋላ ያለው ሥራ የማያልቅ ቢመስልም ቀላል ነው፤ ጤዛን ቤት ውስጥ መሥራት ነው። እዚህ አገር እስስት በበጋ እንዴት ትኖራለች ብላችሁ አስቡት። ዝናቡ መስከረም ላይ እያለቀ ይሄዳል። ጥቅምትና ኅዳር ሣሩ ጠዋት ጠዋት እግር ያረጥባል። ከዚያ ጤዛው እየሳሳ ይሄድና የካቲትና መጋቢት ነፋሱ ሁሉን ያደርቃል። ዱር ያለችው ወደ ወንዝ ዳር፣ ወደ ጥቅጥቅ ያለ አጥር ገባ ትላለች። ቤት ያለችው መሄጃ የላትም። ስለዚህ ማለዳ፣ ከመሞቁ በፊት፣ እሷን ሳይሆን ቅጠሉን አርጥቡ፤ ሲሞቃት ወርዳ ትልሰዋለች። ማታም ከመተኛቷ በፊት እንዲሁ። ሌሊቱ ቀዝቀዝና እርጥብ፣ ቀኑ ሞቅና ደረቅ ሲሆን ይስማማታል።

ቀኑን ሙሉ ማርጠብም ጥሩ አይደለም። የማይደርቅ ቤት ሻጋታ ያወጣል፣ ሳንባ ይታመማል። በመስታወት ሣጥን የሚያኖሩ ሰዎች እዚህ ላይ ይቸገራሉ፤ አየሩ አይንቀሳቀስም። ወንፊት ሽቦ ይሻላል። በነፋሱ ወራት ሁለት ወይም ሦስት ጎኑን በላስቲክ መሸፈን እርጥበቱን ያቆየዋል።

ከሰልም ይነሳ። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የሚፈላበት ቤት ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ፣ ዕጣኑ በሚጤስበት ክፍል እስስት አትኖርም። ከሰሉ አየሩን ያደርቃል፣ ጭሱም ለሳንባዋ አይሆንም። ሌላ ክፍል ከሌለ በረንዳ ይሻላል፤ ከድመትና ከቁራ የሚጠብቃት ሽቦ እስካለ ድረስ። በረንዳ ላይ ቀጥተኛ ፀሐይ ማግኘቷም ጥቅም ነው፤ የመስኮት መስታወት ለአጥንቷ የሚያስፈልጋትን ጨረር አያሳልፍም።

ሆዷ ከታች ገፋ ያለ፣ ዝቅ ብላ አፈር የምትቧጥጥ ሴት እስስት ካለቻችሁ እንቁላል ይዛ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውሃው ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ይብዛላት። ብዙ እስስቶች እንቁላላቸውን እርጥብ አፈር ቆፍረው ነው የሚቀብሩት። ደረቅ አፈር ይፈርስባታል፣ ትተወዋለች፣ እንቁላሉ ውስጧ ይቀራል። በጥልቅ ባልዲ ጨብጣችሁት የማይፈርስ እርጥብ አፈርና አሸዋ አቅርቡላት። ቆፍራ ጨርሳ ስትወጣ ደክማና ደርቃ ስለምትሆን ያን ዕለት ጠብታው አይቋረጥ።

የእኔዋ እግሯ ድኖ፣ ፌንጣ በሩቅ መምታት ስትጀምር ልጁ ቤት ትቅር ብሎ ለመነ። አባቱም እኔም እንቢ አልን። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ ከወደቀችበት አጥር አጠገብ፣ ያልተከረከመው በኩል ለቀቅናት። የምትለቁ ሰዎች ረፋድ ላይ ልቀቁ፤ ሰውነቷ ሲሞቅ መውጣትም መደበቅም ትችላለች። ማታ የተለቀቀች እስስት ቀዝቅዛ እዚያው ትቀመጣለች፣ ድመት ያገኛታል። ከመልቀቃችሁ በፊት ያን ጠዋት በደንብ አጠጧት። አጥር የሚከረክም ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ቅርንጫፉን ቆርጦ ወዲያው እንዳይከምረው፣ እንዳያቃጥለው፣ አንድ ቀን መሬት ላይ እንዲተወው ንገሩት።